ስልሳ ስድስት ቁራጭ ጎድን

ባዎገንን ያንገበገበው የጎድኑ ስኳር መቀነሱ ብቻ አይደለም፤ የቻይናዋ ዉሺ ከተማ ሰው በሙሉ እያወቀ እሱ ብቻ ሳያውቅ መክረሙ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የባዎገን ግን ብሶ ምላሱም ባዳ ሆኖበት ተገኘ።

ወሬውን የሰማው ፀጉር ቤት ነው። እንደ ልማዱ ቺያን የሚባለው ፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ተዘርግቶ፣ ፊቱ አረፋ በአረፋ ሆኖ፣ ስለ ራሱ ጎድን ይሰብካል። በቦዩ ዳር ሱቁ ውስጥ የአሳማ ጎድን ሲቀቅል፣ ሶያ በሚሉት ጨዋማ የአኩሪ አተር መረቅና በስኳር ሲያንተከትክ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ የሰማው የለም።

"ድስት ውስጥ አንዲት ጠጠር ስኳር ብትጎድል አውቃለሁ" ይላል። "ዓይኔን ሸፍኑና አቅምሱኝ!"

"እሱስ ድሮ ቀረ ጋሼ" አለ ቺያን ምላጩን እየሳለ።

"ምን አልክ አንተ?"

"አይ፣ ማለቴ... ልጅህ ሹፈን ስኳሩን ከቀነሰችው ወዲህ ጎድኑን የሰሜን ሰዎችም ወደውታል። ሚስቴ እንኳ 'አሁን ገና ሰው የሚበላው ሆነ' ትላለች።"

"ማን ነው የቀነሰው?"

ቺያን ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው። "ኧረ ጋሼ፣ ዓመት ሊሞላው ነው እኮ! ጠዋት ጠዋት እዚያው አይደል እንዴ የምትቀምሰው?"

ተራ የሚጠብቁት ሰዎች መጀመሪያ ፈሩ፤ ከዚያ አንዱ በሳቅ ፍርፍር ሲል ሁሉም ተከተሉት። ባዎገን ከወንበሩ ተነሣ። ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው። ምርኩዙን አነሣና ወጣ። ቺያን "ጋሼ፣ ፎጣውን!" እያለ እስከ ድልድዩ ተከተለው፤ ዞሮም አላየው።

ሱቁ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ባዎገን ሰልፉን በምርኩዙ እየገፈተረ ገባ፣ ከልጁ ከሹፈን እጅ ጭልፋውን ነጠቀ፣ ከትልቁ ድስት ጨለፈና ቀመሰ። ይሄ ነው እንግዲህ ጉዱ! ትናንት ጠዋት ይህንኑ ድስት ቀምሶ "በጎ ነው" ብሎ ነበር። ዛሬ ሲነግሩት ጊዜ ምላሱ ነቃ። ቀጥኗል። ያ ከንፈር ላይ የሚጣበቀው፣ ከንፈርን ልሰህ ልሰህ የማትጨርሰው ጣፋጭ የለም። ሶያው ቀድሞ ይመጣል፣ ስኳሩ ከኋላ እንደ እንግዳ ይከተላል። መሬት ላይ ተፋው።

"ምንድነው ይሄ?"

"አባባ፣ ቤት እንነጋገር" አለች ሹፈን። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ደንዳና ክንድ፣ አጭር ፀጉር፣ ቁርጥ አባቷን።

"ቤት? ሰው ሁሉ እየገዛው ቤት እንነጋገር ትይኛለሽ? እኔ ነኝ የማላውቀው! በስሜ ውሃ ስትሸጪ ከርመሻል! ለማን ብለሽ ነው? ለእነዚያ ፎቶ ለሚያነሱት ቱሪስቶች? ለሰሜን ሰው ብለሽ ነው የአባትሽን ድስት ያራከስሽው?"

"አባባ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! ሁሉም ይስማ! ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም። ልጄን ቀብሬያለሁ በሉ!"

 ሹፈን ፊቷ ከነጭም በላይ ነጣ። ጭልፋውን ከእጁ ቀስ አድርጋ ወሰደች፣ ጠረጴዛውን በጨርቅ ወለወለች፣ ከትከሻው በላይ አሻግራ አየችና "ቀጣይ!" አለች። አንዲት አሮጊት ፈራ ተባ እያለች ቀረበች።

ባዎገን እድሜ ልኩን ሲሳደብ ኖሯል፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን ከማንም ገጥሞት አያውቅም። እንደዚያው አረፋው ፊቱ ላይ እየደረቀ ወደ ቤቱ ሄደ።

እንግዲህ ስለዚህ ሰውዬ ቁጣ ትንሽ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የሆነውን ሁሉ እብደት ነው ትላላችሁ። ባዎገን የጀልባ ሰው ልጅ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ የመንግሥት ምግብ ቤት ተቀጠረ። አለቃው በጭልፋ አናት አናቱን እያለው አሠለጠነው፤ ጎድን ማጠብ ብቻ ሁለት ዓመት። ጎድኑን በጨው አሽቶ ማሳደር፣ በፈላ ውሃ ነክሮ ማውጣት፣ ከድስቱ ሥር እንዳያር የቀርከሃ ምንጣፍ መዘርጋት፣ ዝንጅብል፣ የሽንኩርት ቅጠል፣ ቀረፋ፣ የሩዝ ጠጅ፣ ሶያ፤ ከዚያ ያ እንደ በረዶ ጠጠር የሚያበራው ስኳር። ክዳን ገጥሞ በትንሽ እሳት ሥጋው ከአጥንቱ "ልሂድ ወይስ ልቆይ" እስኪል። መጨረሻ ላይ እሳቱን ማንቦግቦግና መረቁን በጭልፋ እየጨለፉ ሥጋው ላይ ማፍሰስ፣ ደግሞ ማፍሰስ፣ እንደ ማር እስኪጎተትና እስኪያብረቀርቅ። በየደረጃው መቅመስ አለ። መቅመስ ሥራው ነው። በቀን አራት ድስት፣ ለአርባ ዓመት፣ ያ ሁሉ ጣፋጭ በባዎገን ጉሮሮ ወርዷል።

ቁጣውም አብሮ ነው ያደገው። አንድ ጊዜ ከሲቹዋን የመጣ እንግዳ "በርበሬ የለም?" ብሎ ቢጠይቀው ሳህኑን ከፊቱ አንሥቶ ለመንገድ ውሻ ሰጠው። ውሻው ጥሞት በላ፤ ባዎገንም ለእንግዳው "እሱ ካንተ ይሻላል" አለው። ሰዉ ግን ይወደው ነበር፤ ጎድኑን ከመውደድ የመጣ ነው መሰለኝ። ሚስቱ ሜይቺን ቀድማው ስትሞት ሹፈን ገና ልጅ ነበረች። ሌላ ልጅ የለውም፣ ሌላ ሚስትም አላመጣም። ልጅቱ የቤት ሥራዋን የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጣ እየሠራች አደገች። አንዳንዱ ሙያውን ከሴት ልጅ ይደብቃል፤ ባዎገን ምንም አልደበቀባትም። እየጮኸባት፣ "ደንቆሮ!" እያለ፣ ክዳን እየወረወረ ሁሉንም አስተማራት። ለእሱ ፍቅር ማለት ይህ ነበር፤ እሷም ታውቀዋለች።

ከሁለት ክረምት በፊት የቀኝ እግሩ ትንሽ ጣት ጠቆረ። ስኳር በሽታ ነው አሉት፤ ቆረጡለት። ከዚያ ወዲያ ሙሉ ቀን መቆም ስላልቻለ ጭልፋውን ለሹፈን ሰጣት። ሰጣት እንበል እንጂ፣ ጠዋት ጠዋት የራሱን ማንኪያ ኪሱ ከትቶ መምጣቱን አልተወም። "ለመቅመስ ብቻ" ይላል። ሦስት ጭልፋ ይቀምሳል፤ ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ሩዝ ላይ መረቁን አፍስሶ ቁርሱን ይበላል።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ከተዋረደበት ቀን በኋላ ግን እግሩን ከሱቁ አነሣ። ፀደዩ አለፈ፣ በጋው በሙቀቱ አለፈ፤ አባትና ልጅ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቦይ ማዶና ማዶ፣ ሳይነጋገሩ ከረሙ። እሱ ሲያልፍ እሷ ድስት ውስጥ ታያለች። እሷ ስታልፍ እሱ ሰማይ ያያል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸውና ማን ይቅደም?

በልግ ሲመጣ ግን ነገሩ ጠበቀ። ባዎገን ስልሳ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው።

እኛ አገር ስልሳ ስድስት ቀልድ አይደለም። በዚያ ዓመት የሙታን ንጉሥ ሥጋ ያምረዋል። ሴት ልጅ ንጉሡን ቀድማ፣ የአሳማ ሥጋ በገዛ እጇ ገዝታ፣ በገዛ እጇ ስልሳ ስድስት ቦታ ቆርጣ፣ አብስላ ለአባቷ ካቀረበችና እሱም አንዲት ሳያስተርፍ ከበላው፣ ንጉሡ ድርሻውን እንዳገኘ ይቆጥረዋል። አለዚያ ከሰውዬው ከራሱ ይቆርጣል። ወንድ ልጅ ቢያመጣው አይሆንም፤ ምራትም አትሆንም። ሴት ልጅ መሆን አለባት።

የባዎገን ታላቅ እህት ጂንዲ ምርኩዟን እያንኳኳች መጣች። ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ እሷን የማይፈራ የለም፣ ባዎገንም ጭምር።

"ሥጋህን ማን ያመጣልሃል?"

"ማንም።"

"ማንም ማለት?"

"ንጉሡ ይምጣ። ቤቴን ያውቀዋል።"

"አዎ ያውቀዋል! ከጣትህ ጀምሮልሃል እኮ! የቀረውን እስኪወስድ ልትጠብቅ ነው?"

"እትዬ፣ አታድርቂኝ።"

"አንተ ነህ ያደረቅከን! ልጅ የለኝም ብለህ አደባባይ ላይ ለፍልፈህ፣ አሁን ሥጋ ከየት ሊመጣልህ ነው? ሄደህ ጠይቃት።"

"እኔ? እኔ ልጠይቃት?" ባዎገን እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ተነሣ። "ድስቴን ያረከሰችው እሷ፣ በምላሴ የተጫወተችው እሷ፣ እኔ ልለምናት? ሞቼ እገኛለሁ!"

"እሱማ ትሞታለህ" አለች ጂንዲ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ባዎገን ፈርቶ ነበር። ንጉሡን አምኖ ይሁን አይሁን ራሱም አያውቅም፤ ነገር ግን ሌሊት እግሩን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሲዳብስ ያድራል ይባላል። ከሞት ይልቅ ግን ያ ቀን መጥቶ ሳህን ሳይመጣ ማለፉን ፈራ። ጎረቤቱ ሁሉ የየትኛው አባት ልጅ ምን እንዳመጣች ያውቃል። "የባዎገን ልጅ አላመጣችለትም" ሲባል ታየው።

አማቹ ዌይሚን ብርቱካን ይዞ መጣ። ዌይሚን ዝምተኛ ነው፤ በዚህ ቤት ሌላ ዓይነት ሰው መኖርም አይችልም።

"ሚስትህ ምን ትላለች?" አለው ባዎገን መስኮት መስኮቱን እያየ።

"ስለ ምን አባባ?"

"ስለ ምንም።"

"ምንም አትልም። ቢላዋ ትስላለች።"

በመጨረሻ ሄዳ ያናገረቻት ጂንዲ ናት። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ላይ ግራ መጋባት ነበር። "ትመጣለች" አለች። "ምን አለችሽ?" ሲላት፣ "'የራሱን ጎድን አበስልለታለሁ፣ እሱ እንደሚወደው፣ ስኳሩ ሙሉ' አለች። ሌላ አልተነፈሰችም።"

ባዎገን ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። "አላልኩሽም? ገባት ማለት ነው! የእኔ ልጅ ናትና የት ትሄዳለች!" ያን ቀን ከስድስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ ብሎ ዋለ።

ቀኑ ደረሰ። ዘመድ ተሰበሰበ፣ ጎረቤት በሩ ላይ ተኮለኮለ፣ ቺያን ሳይቀር ፀጉር ቤቱን ዘግቶ መጣ። ባዎገን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተሰይሟል። ረፋዱ ላይ ሹፈን ገባች። ማንንም አልጨበጠችም። ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ፊቱ አስቀመጠች፣ ክዳኑን አነሣች።

እንፋሎቱ ሲገለጥ ቤቱ ሁሉ "ውይ!" አለ። ጎድኑ የአውራ ጣት ጫፍ በሚያህል ተቆራርጦ፣ ጥቁር ቀይ ሆኖ፣ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ባዎገን በመብያ እንጨቱ አንዱን አነሣ። አጥንቱ ሳይጎትተው ወለቀ። አፉ ውስጥ ሲገባ ስኳሩ ቀድሞ መጣ፣ ሙሉ ሆኖ፣ ከዚያ ጨዉ፣ ከዚያ የሩዝ ጠጁ ሽታ። ከንፈሩ ተጣበቀ። ዓይኑን ጨፈነ፤ እንባ ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

"አያችሁ!" አለ ለተሰበሰበው ሁሉ። "ጎድን ማለት ይሄ ነው! ቺያን፣ አየህ? ይሄን ታውቃለች እኮ! ታዲያ ይህን እያወቅሽ ነው ያን እጣቢ ለሰው ስትሸጪ የከረምሽው?"

"ብላ" አለች ሹፈን።

ሁለተኛውን በላ። ሦስተኛውን ሲያነሣ ፊቷን አየ። የይቅርታ ፊት አልነበረም። ዓይኗ ደም መስሏል፣ መንጋጋዋ ተቆልፏል።

"ምን ሆነሻል?"

"ብላ እንጂ። ስልሳ ስድስት ነው። አንዲት እንዳታስቀር።"

"ምን ሆነሻል ነው የምልሽ!"

ያኔ ነው የፈነዳችው። ባዎገን ሲቆጣ ድምፁ ይጮኻል፤ የሹፈን ግን ወደ ታች ወረደ፣ ያ ደግሞ የባሰ ነው።

"ስማኝ አባባ። አክስቴ፣ አንቺም ስሚ። ጣትህን የቆረጡልህ ቀን ሐኪሙን ስትሰድበው፣ ሰውዬው እኔን ኮሪደር ላይ ጠራኝ። 'በዚህ ከቀጠለ የሚቀጥለው ጣት አይደለም፣ እግር ነው፤ ከዚያም እሱ ራሱ ነው' አለኝ። ነገርኩህ። 'አንጥረኛን እሳት ተው ይሉታል?' አልከኝ። በሳምንቱ ማንኪያህን ይዘህ ሱቅ መጣህ። ሦስት ጭልፋ፣ ከዚያ ሩዝ ላይ ሳህን ሙሉ። አትብላ ልበልህ? በሩን ትሰብረው ነበር! ለብቻህ ሌላ ድስት ልጣድልህ? ታውቅብኛለህ። ስለዚህ ድስቱን ቀነስኩት። በየሳምንቱ አንዲት ቁንጥር፣ ምላስህ እንዳይነቃ። አንተ የምትበላው ድስት ስለሆነ የሰዉን ሁሉ ቀነስኩት!"

"ለእኔ..." አለ ባዎገን።

"ለማን መሰለህ? የሰሜን ሰው ምኔ ነው? የድሮ ደንበኞችህ 'ባዎገን የሌለበት ጎድን' ብለውኝ ሄዱ። ዝም አልኩ። ሐኪሙ 'ደሙ ተሻሽሏል፣ ምን አደረጋችሁ?' ሲል ዝም አልኩ። አንተ ደግሞ መጥተህ ሰው ሁሉ ፊት ልጄን ቀብሬያለሁ አልክ። እሺ። ዛሬ ያንተን ጎድን አመጣሁልህ፤ አንዲት ጠጠር አላጎደልኩም። በላው! ካልበላህ ንጉሡ ይወስድሃል ይላሉ፣ ከበላኸው ስኳሩ ይወስድሃል። ለእኔ አንድ ነው። ገዳዩ እኔ ልሁንና ይለይልን!"

 ዌይሚን ግድግዳውን ተደግፎ ጫማውን ያያል።

ሌላ አባት ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር አላውቅም። ባዎገን ግን አፈረ፤ ማፈር ደግሞ አያውቅበትም። ሲያፍር የሚወጣለት ቁጣ ብቻ ነው።

"ተጫወትሽብኝ!" አለ። "በገዛ ምላሴ! ዓመት ሙሉ እንደ ሕፃን!"

"አዎ ተጫወትኩብህ!"

"እንግዲያው ጨርሼው እሞታለሁ!"

"ሙት!"

"እሞታለሁ!" ሦስተኛውን ጎረሰ። አራተኛውን ጎረሰ። ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ሳያኝክ፣ አጥንቱን ጠረጴዛው ላይ እየተፋ። አሁን ጣፋጩ ይተናነቀዋል፤ ቢሆንም አምስተኛውን አነሣ። ጂንዲ "ኧረ ተዉ እናንተ ሰዎች!" ትላለች። ማን ይስማት? ሹፈን ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየዋለች።

ስድስተኛው ከንፈሩ ጋ ሲደርስ የመብያ እንጨቱን በጥፊ መታችው። ጎድኑ ከነእንጨቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሳህኑን በሁለት እጇ አነሣችና በመስኮቱ አውጥታ ቦዩ ውስጥ ደፋችው፤ ከነመረቁ፣ ከነሳህኑ።

በሩ ላይ የነበሩት ጮኹ። ጂንዲ ምርኩዟን ጣለች። "ምን አደረግሽ አንቺ! የስልሳ ስድስቱን ሥጋ! በአባትሽ ላይ ሞት ጠራሽበት እኮ!"

"የራሱን ሞት ይሙት!" አለች ሹፈን፣ አሁን በግልጽ እያለቀሰች። "በእኔ እጅ አይሞትም! አልቻልኩም! በቃ፣ አልቻልኩም!"

ባዎገን ተነሣ። ሁሉም እጁን ያነሣባታል ብሎ ጠበቀ፤ ዌይሚን እንኳ ከግድግዳው ተላቀቀ። ባዎገን ግን ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይፈልጋል። አጎንብሶ ሲያጠልቅ ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ ያ የቀኝ እግሩ ጫማ እንደ ድሮው አይገባም።

"የት ልትሄድ ነው?" አለችው።

"እትዬ" አለ እህቱን፣ ልጁን ሳያይ፣ "ንጉሡ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጠብቀው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ... ፀሐይ እስክትጠልቅ መሰለኝ።"

"ገና ቀን ነው።" ምርኩዙን አነሣ። "ሱቅ በጨው ያደረ ጎድን አለሽ?" ይሄኛውን ለሹፈን ነው፣ አሁንም ሳያያት።

"ለነገ ሽያጭ አለ።"

"ታዲያ ምን ትገተሪያለሽ?"

ሰልፍ ሆነው ድልድዩን ተሻገሩ፤ ባዎገን ከፊት እያነከሰ፣ ሹፈን ከኋላው አፍንጫዋን በክንዷ እየጠረገች፣ ከእሷ ኋላ ዘመድ፣ ከዘመድ ኋላ ቺያን። ሱቁ ውስጥ ባዎገን የስኳር ጆንያው ላይ ተቀመጠና መጮህ ጀመረ። ይሄ ደግሞ ማንንም አልገረመም።

"ቢላዋ እንዲህ ነው የሚያዘው? አጥንቱን አታድቅቂው! ቁጠሪ፣ እየቆጠርሽ!"

"እየቆጠርኩ ነው!"

"ሃምሳ ስንት?"

"ካላቋረጥከኝ እቆጥራለሁ!"

"እሳቱ በዛ። አሁን ደግሞ አነሰ። ዝንጅብሉን ሳትወቅጪው? ማን ነው ያስተማረሽ?"

"አንተ ነሃ!"

"ደንቆሮ!"

"ቁርጥ አባቴን!"

በሩ ላይ ያሉት መሳቅ ጀምረው ነበር። ጎድኑ ተነክሮ ወጣ፣ ቀርከሃው ላይ ተደረደረ፣ ሶያው ገባ፣ የሩዝ ጠጁ ተንቆረቆረ። ከዚያ ሹፈን ወደ ስኳሩ ማሰሮ እጇን ሰደደች፣ አንዲት ጭብጥ አወጣችና በተነችው። ጠጠሮቹ ድስቱ ውስጥ ሲንኳኩ ተሰማ። እጇ ወደ ማሰሮው ተመለሰና አፉ ላይ ቆመ።

አባቷን አየችው። በዚያ ሱቅ፣ በዚያ ድስት ፊት፣ በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቃው የማታውቀውን ጠየቀችው።

"ልጨምር?"

 ባዎገን ድስቱን አየ። አንዲት ጭብጥ! ለዚያ ሁሉ ሥጋ! ያ እንኳን ጎድን ሊሆን፣ የሆስፒታል ምግብ ነው የሚሆነው። አለቃው ከመቃብር ተነሥቶ በጭልፋ አናቱን የሚለው መሰለው። ሰዉ ሁሉ እያየ ነው፤ "ዓይኔን ሸፍኑና አቅምሱኝ" ሲል የሰሙት ሁሉ አሉ። አፉ ተከፈተ። ደም ሥሩ ግንባሩ ላይ ተገተረ። ውስጡ ያለው ነገር ሁሉ "ጨምሪ" ይላል።

"ምን ታፈጪብኛለሽ?" ብሎ ጮኸባት፣ ድምፁ መንገድ ድረስ ተሰማ። "ክደኚው!"